ክረምት ከበጋ በብስክሌት፦ የሚያግደን ዝናቡ ነው ወይስ መንገዱ?

በኢትዮጵያ ሰው በብስክሌት ሥራ የሚመላለስበት ከተማ የቱ ነው ቢባል አብዛኛው ሰው ሳያመነታ ባሕር ዳር ይላል። ሐዋሳን የሚጠራም አይጠፋም። አዲስ አበባን የሚጠራ ግን እምብዛም አይገኝም። ምክንያቱ ሲጠየቅ ቶሎ ከሚነሡት መልሶች አንዱ ክረምቱ ነው፤ «ያን ሁሉ ዝናብ እንዴት ተደርጎ?» ይባላል። ነገር ግን ባሕር ዳር በዓመት የምታገኘው ዝናብ 1,400 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲሆን፣ የአዲስ አበባው ከ1,100 እስከ 1,200 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። በሐምሌ ወር ብቻ ባሕር ዳር ላይ ከ400 ሚሊ ሜትር በላይ ይወርዳል። ብዙ ዝናብ የሚጥልበት ከተማ ብዙ ብስክሌተኛ ካለው፣ ጥፋቱን ሁሉ በዝናቡ ላይ የሚጥለው መልስ እንደገና መመርመር አለበት።

ይህ ዳሰሳ የሚመረምረውም ይህንኑ ነው። ብስክሌት ለሠራተኛ ሰው አሥራ ሦስቱንም ወር የሚያገለግል መጓጓዣ ሊሆን ይችላል ወይ? ከኛ የከፋ የአየር ጠባይ ያላቸው አገሮች እንዴት አድርገው ቻሉት? በኛ ከተሞችስ በትክክል የሚከብደው የቱ ወቅት፣ የቱ መንገድ፣ የቱ ሰዓት ነው? የኔን አቋም ከወዲሁ ላስቀምጥ። የደጋና የወይና ደጋ ከተሞቻችን የአየር ጠባይ ለብስክሌት እጅግ ከሚመቹት ውስጥ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ዝናቡ መሬት ከነካ በኋላ ነው፤ ያ ደግሞ የሰው ሥራ ነው።

በረዶ ላይ የሚነዱት

ወቅትን ሰበብ ማድረግ የሚያምርበት ከተማ ቢኖር ኦውሉ በሆነች ነበር። ኦውሉ በፊንላንድ ሰሜን፣ ከአርክቲክ ክበብ ጥቂት ዝቅ ብላ የምትገኝ፣ ከ200,000 በላይ ሕዝብ ያላት ከተማ ናት። በብርዱ ወራት መሬቱ በበረዶ እንደተሸፈነ ይከርማል፤ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሚወርድበት ቀን ብርቅ አይደለም። በታኅሣሥ ወር ፀሐይ ወጥታ የምትቆየው ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ሠራተኛው በጨለማ ወጥቶ በጨለማ ይገባል ማለት ነው። ይህም ሆኖ ብዙ የኦውሉ ነዋሪ በረዶውን ሙሉ በብስክሌት ሥራና ትምህርት ቤት ይመላለሳል። ከተማዋ ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ አላት። በበረዶ ወራት ስለ ብስክሌት መንዳት የሚመክረው ዓለም አቀፍ ጉባኤም ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ2013 በዚያችው ከተማ ነው።

የኦውሉ ሰዎች ከሌላው ሕዝብ የተለየ ጽናት ስላላቸው አይደለም። በረዶ በጣለ ሌሊት ጠራጊ መኪኖች ሰው ከመውጣቱ በፊት ዋና ዋናዎቹን የብስክሌት መንገዶች አዳርሰው ያድራሉ። ጨው በትኖ ከማቅለጥ ይልቅ በረዶውን ጠፍጥፈው ጠንካራ ወለል ያደርጉታል፤ ላዩን ይቧጥጡታል፤ ጠጠር ይበትኑበታል። እዚያ የሚነዱ ሰዎች እንደሚሉት አስቸጋሪው ቀን ዜሮ ላይ ሲሆንና በረዶው ወደ ጭቃነት ሲለወጥ ነው እንጂ ብርዱ ጠንክሮ ወለሉ ሲደርቅ አይደለም። ይህን ልብ ማለት ይገባል። ብስክሌተኛን የሚያስቸግረው የብርዱ መጠን ሳይሆን የመንገዱ ወለል ነው፤ ኦውሉም ሆነች ጎንደር በዚህ አይለያዩም።

ኮፐንሃገን ውስጥም በረዶ ሲጥል የብስክሌት መስመር ቅድሚያ ይጠረጋል። በአሜሪካ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሚኒያፖሊስ፣ ሚድታውን ግሪንዌይ የሚባለው የብስክሌት መንገድ የድሮ የባቡር ሐዲድ በነበረበት ዝቅ ያለ መስመር ላይ ተሠርቶ ከተማዋን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ያቋርጣል። ርዝመቱ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በበረዶ ወራትም ይጠረጋል። መኪና የመግዛት አቅም የሌለው ስደተኛ ሠራተኛ ከዜሮ በታች በሆነ ብርድ በዚህ መስመር ሥራ መግባት ይችላል።

ስለ ብስክሌት ሲወራ ኔዘርላንድስ ሳትነሣ አትቀርም። አብዛኛው ሰው የማያስተውለው ግን ኔዘርላንድስም ከመኪና ጋር ተፋጥጣ የመጣች አገር መሆኗን ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መኪናው እየበዛ ብስክሌቱ እየተገፋ ሄደ፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ብቻ ከ3,000 በላይ ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞቱ፤ ከእነሱም ውስጥ ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ወላጆች የልጆቻችን ግድያ ይቁም ብለው አደባባይ ወጡ። እ.ኤ.አ. በ1973 የነዳጅ ቀውስ ሲመጣ ደግሞ መንግሥት እሑድ እሑድ መኪና እንዳይነዳ ከለከለ፤ ሕዝቡም ባዶውን አውራ ጎዳና በእግሩና በብስክሌቱ ሞላው። ዛሬ ዓለም የሚያደንቀው መስመር የተዘረጋው ከዚያ በኋላ ባሉት ዐሥርት ዓመታት ነው።

እግረ መንገዴን ላንሣው። ያው የነዳጅ ቀውስ ወደኛም መጥቶ ነበር። የቤንዚን ዋጋ በመናሩ በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ አድማው ለአብዮቱ መፈንዳት ከረዱት ነገሮች አንዱ ሆነ። አንዱ የዋጋ ንረት እዚያ የከተሞችን መንገድ ለወጠ፤ እዚህ የመንግሥቱን ወንበር ነቀነቀ። የከተሞቻችን መጓጓዣ ግን በነዳጅ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

የኛ አሥራ ሦስት ወር

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። ለብስክሌት የሚመች የአየር ጠባይ ምን ዓይነት ነው ቢባል፣ ቀኑ ከዓመት እስከ ዓመት የማይረዝም የማያጥር፣ ሙቀቱ ላብ የማያስጠምቅ፣ ብርዱ ጣት የማያደነዝዝ ነው። የአዲስ አበባ የቀን ሙቀት ዓመቱን ሙሉ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ባለው ክልል ይመላለሳል። ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ፀሐይ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ከጠዋቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ትወጣለች። በሁለት ሰዓት ተኩል ሥራ የሚገባ ሰው በየትኛውም ወር በብርሃን ወጥቶ በብርሃን ይደርሳል። የኦውሉ ሰው ይህን ቢያገኝ ምን ባደረገበት!

ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ብዙ አያነጋግርም። የጥቅምትና የኅዳር ጠዋት ይበርዳል፤ በደጋው ከ5 እስከ 8 ዲግሪ የሚወርድበት ማለዳ አለ። ጓንትና ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ ያደረገ ሰው ሩብ ሰዓት ሳይነዳ ሰውነቱ ይሞቃል። መቀሌ ላይ የሚፈትነው ከብርዱ ይልቅ ነፋሱ ነው። ከፊት ለፊት የሚመጣ ነፋስ ሜዳውን ዳገት ያደርገዋል፤ ለዚህ ከመሪው ላይ ዝቅ ብሎ ማርሽ አቅልሎ ከመንዳት ሌላ መላ የለም።

የበጋው ፀሐይ የራሱ ጣጣ አለው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትርና ከዚያ በላይ በሆነ ቦታ አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም ጨረሩ ያቃጥላል፤ ባርኔጣና እጅጌው ረዘም ያለ ስስ ልብስ ያስፈልጋል። የእውነተኛ ሙቀት ጥያቄ የሚነሣው ግን በቆላ ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ በግንቦትና በሰኔ ቀትር ላይ 35 ዲግሪ ይደርሳል። ጋምቤላ በመጋቢት ወደ 40 ይጠጋል። እንደኔ እምነት ለብስክሌተኛ ከዝናብ ይልቅ እንዲህ ያለው ሙቀት ይከፋል፤ የረጠበ ልብስ ይለወጣል፣ በሙቀት የተጎዳ ሰውነት ግን ቶሎ አይመለስም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሠሩ ወገኖቻችን ይህን ያውቁታል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ሙቀቱ በሚበረታባቸው ሦስት ወራት ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ከቤት ውጭ የጉልበት ሥራ እንዳይሠራ በሕግ የከለከለችው ያለ ምክንያት አይደለም። በቆላ ከተሞቻችን መፍትሔው በማለዳ ወጥቶ ሲመሽ መመለስና ዛፍ መትከል ነው። ባሕር ዳርን ለብስክሌት ካመቻቿት ነገሮች አንዱ ሜዳነቷ ሲሆን፣ ሌላው በጎዳናዎቿ ላይ የሚወርደው የዛፍ ጥላ ነው።

ወደ ክረምቱ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መቆየት እፈልጋለሁ።

አዲስ አበባ ላይ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ የማይጥልበት ቀን ጥቂት ነው። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ የሚጥልበት ቀንም ብዙ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ማለዳው ደመናማ ሆኖ ያልፋል፤ ዶፉ የሚወርደው ከቀትር በኋላ ነው፤ አንድ ሰዓት ወይም ሁለት ሰዓት ወርዶ ያባራል። ስለዚህ በብስክሌት የሚመላለስ ሰው ጠዋት ደርቆ የመግባት ዕድሉ ሰፊ ነው። ሊረጥብ የሚችለው ወደ ቤቱ ሲመለስ ነው፤ ቤት ደግሞ ቅያሪ ልብስም እሳትም አለ። ከዚህም በላይ የክረምቱ የቀን ሙቀት 20 ዲግሪ አካባቢ በመሆኑ ዳገት ሲወጡ እንኳ እንደ መጋቢትና ሚያዝያ አያልብም። ለሰውነት ብቻ ቢሆን ክረምት ምቹው ወቅት ነው ማለት ይቻላል።

ብስክሌተኛን በክረምት የሚያረጥበው ከላይ የሚወርደው ብቻ እንዳልሆነ የነዳ ያውቀዋል። የራሱ የኋላ ጎማ ከአስፋልቱ የሚያነሣው ጭቃ ውሃ ጀርባውን እስከ አንገቱ ያለብሰዋል፤ የፊቱ ጎማ ደግሞ ጫማውንና ሱሪውን። መድኃኒቱ ፓራፋንጎ ነው። በየሱቁ የሚሸጡት የተራራ ዓይነት ብስክሌቶች አብዛኞቹ ያለ ፓራፋንጎ የሚመጡ ናቸው፤ ገዢውም ውበቱን እንጂ ክረምቱን አያስብም። የድሮዎቹ ጥቋቁር ባለ ሙሉ ፓራፋንጎ ብስክሌቶች በዚህ ረገድ ከአዲሶቹ ይሻሉ ነበር፤ የካቴና መሸፈኛም ስለነበራቸው ሱሪ አይነክሱም፣ ቀሚስም አይዙም። አዲስ ብስክሌት የሚገዛ ሠራተኛ ብዙ ማርሽ ካለው ይልቅ ፓራፋንጎ ያለውን ቢመርጥ እመክራለሁ። ከሌለውም አስገጥሞ ይውጣ።

ሁለተኛው ነገር ፍሬን ነው። ቸርኬውን በጎማ ጨምቆ የሚያቆመው የተለመደው ፍሬን ሲረጥብ ወዲያው አይዝም። ጎማው አንድ ሁለት ዙር ሲዞር የፍሬኑ ጎማ መጀመሪያ ውሃውን ይጠርጋል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚይዘው። ልማድ ያለው ነጂ ስለዚህ ገና ከሩቅ ፍሬኑን ለስለስ አድርጎ ይነካል፤ ቸርኬው ይደርቃል፤ ማቆሚያው ላይ ሲደርስ አጥብቆ ይይዛል። አዲስ ነጂ ግን በደረቅ እንደለመደው መጨረሻ ላይ ይጨብጥና ታክሲው ኋላ ላይ ይደርሳል። በዲስክ የሚሠራው ፍሬን ከዚህ ችግር በእጅጉ የዳነ ነው፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል፤ የሚጠግነውም ሰው በየሰፈሩ አይገኝም። ኮብልስቶን፣ የለሰለሰ የእግረኛ ንጣፍና በመንገድ ላይ የተቀባ ነጭ ቀለም ሲረጥቡ ያንሸራትታሉ። በእነሱ ላይ መሪ ማዞርም ሆነ ፍሬን መያዝ አይገባም፤ ቀጥ ብሎ ማለፍ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም የከፋው ነው። ዝናብ ካባራ በኋላ አስፋልቱ ላይ የተኛው ውሃ ከሥሩ ያለውን ይሸፍናል። ሁለት ጣት ጥልቀት ያለው ኩሬ ይሁን ክዳኑ የተነሣ ማንሆል ላዩ አይለይም። መኪና በዚያ ላይ ቢያልፍ ጎማው ይመታል፤ ብስክሌተኛ ቢገባበት ተወርውሮ ይወድቃል። ኩሬውን ለመሸሽ ወደ መሀል አስፋልት ቢወጣ ደግሞ ከኋላው የሚመጣው መኪና አለ። ዝናብን ፈርተው ብስክሌታቸውን ያቆሙ ሰዎችን ስትጠይቁ አብዛኛውን ጊዜ የሚነግሯችሁ ይህንን ነው። ውሃው የሚተኛው ቦዩ በፌስታልና በፕላስቲክ ጠርሙስ ስለሚደፈን፣ የመንገዱ ተዳፋት በትክክል ስላልተሠራና አዲስ ግንባታ አፈሩን ወደ መንገድ ስለሚያወርድ ነው። ኦውሉ በረዶዋን ሌሊት ትጠርጋለች፤ እኛ ቦያችንን በግንቦት መጥረግ እንችላለን። ከበረዶ ጋር ሲወዳደር ሥራው ቀላል ነው፤ በዓመት አንዴ በደንብ ተሠርቶ በየሳምንቱ መጠበቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

የጎማ መበሳትም በክረምት ይበዛል። ጎርፉ የመስታወት ስባሪና ሚስማር እያጠበ ወደ መንገዱ ዳር ያመጣል፤ ብስክሌተኛው የሚነዳውም እዚያው ዳር ላይ ነው፤ የረጠበ ጎማ ደግሞ በቀላሉ ይቆረጣል። ባሕር ዳር ውስጥ በየመንገዱ ጥግ በጃንጥላ ሥር የሚቀመጡት ጠጋኞች በነሐሴ እጃቸው አያርፍም። ብስክሌቱን ገልብጦ በመሪውና በመቀመጫው ያቆመዋል፤ የውስጡን ጎማ መዝዞ ይነፋዋል፤ በሳፋ ውሃ ውስጥ እየነከረ አረፋ የሚወጣበትን ይፈልጋል፤ ያደርቅና በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ማስቲሽ ቀብቶ ይለጥፋል። ደንበኛው ወሬ ጀምሮ ሳይጨርስ ያስረክበዋል። ብስክሌት በአንድ ከተማ ውስጥ ክረምት ከበጋ እንዲነዳ የሚያደርገው አንዱ ትልቅ ነገር እንዲህ ያለ ሰው በየአምስት መቶ ሜትሩ መኖሩ ነው። አዲስ አበባ ላይ ጎሚስታ ሞልቷል፤ ብዙዎቹ ግን የመኪና ናቸው።

ከዝናብ በኋላ ደግሞ ካቴናውን በጨርቅ ማድረቅና ጥቂት ዘይት መቀባት ይገባል። ይህ ካልተደረገ በአንድ ክረምት ዝጎ ያልቃል።

ዳገቱና ርቀቱ

አዲስ አበባን ከባሕር ዳርና ከሐዋሳ በእርግጥ የሚለያት ዳገቱ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር፣ ሐዋሳ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ በሐይቅ ዳር የተዘረጉ ሜዳ ከተሞች ናቸው። አዲስ አበባ ግን ከእንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ተነሥታ አቃቂ ላይ ወደ 2,100 ትወርዳለች። ከፍታው ሲጨመር አየሩ ይሳሳል፤ በ2,400 ሜትር ላይ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክሲጅን በባሕር ጠለል ከሚያገኘው በሩብ ያህል ያንሳል። በዚህ ላይ ያረጁ የናፍጣ መኪኖች ጭስ ይጨመርበታል። ይህን ሳይጠቅሱ ብስክሌትን ማወደስ ለአንባቢ ቅን መሆን አይደለም።

ሆኖም ዳገቱ ሁሉን አይከለክልም። ከተማዋ የምታዘቀዝቀው በዋናነት ከሰሜን ወደ ደቡብ ነው፤ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ወይም ወገቧን ይዞ የሚሄድ ሰው የሚገጥመው መውጣትና መውረድ የሽሮ ሜዳን ያህል አይደለም። ከሳር ቤት በጎተራ ወደ ቦሌ የሚሄድና ከቃሊቲ ወደ ፒያሳ የሚወጣ ሰው አንድ ዓይነት ጉዞ የላቸውም። ከፍታው ብቻውን እንቅፋት እንዳልሆነም ጎረቤታችን አስመራ ምስክር ናት። አስመራ ከአዲስ አበባ ጋር በሚቀራረብ ከፍታ ላይ ተቀምጣ ሽማግሌው በኮቱ፣ ወጣቱ በስፖርት ልብሱ በብስክሌት ይመላለስባታል። እ.ኤ.አ. በ2024 በቱር ደ ፍራንስ ሦስት የዕለት ውድድሮችን አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ የለበሰው ቢንያም ግርማይ የወጣው ከዚያች ከተማ ነው። እኛም ለብስክሌት ባዕድ አይደለንም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት የሜልቦርን ኦሎምፒክ ከሯጮቻችን ጋር ገረመው ደንቦባን የመሳሰሉ ብስክሌተኞች ነበሩ።

ዳገቱን የሚያቀልለው ቴክኖሎጂም መጥቷል። በኤሌክትሪክ የሚታገዘው ብስክሌት ፔዳል ሲረገጥ ሞተሩ ያግዛል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የሞተሩ ጉልበት 250 ዋት፣ የሚያግዘውም እስከ 25 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። ሠልጣኝ ያልሆነ ጤነኛ ሰው ሳይደክም ለረጅም ጊዜ የሚያወጣው ጉልበት 100 ዋት አካባቢ ስለሆነ፣ ይህ እገዛ የእንጦጦን ግርጌ ወደ ሜዳ ያቀርበዋል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ሲከለክል ዓይኑ ያረፈው በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ነበር። በኔ ግምት ለደመወዝተኛው ሕዝብ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ከኤሌክትሪክ መኪና ይልቅ ይቀርበዋል፤ በቤት ሶኬት ይሞላል፤ ማቆሚያ ፍለጋ አያንከራትትም።

ርቀት ሌላ ጉዳይ ነው። አምስት ኪሎ ሜትር በእግር አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ በብስክሌት ሃያ ወይም ሃያ አምስት ደቂቃ። አዲስ አበባ ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው ጉዞ የሚደረገው በእግር ስለሆነ፣ ብስክሌት በቅድሚያ የሚጠቅመው መኪና ያለውን ሳይሆን በየቀኑ በእግሩ የሚኳትነውንና በታክሲ ሰልፍ የሚቆመውን ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ የሚያሳስብ ነገር አለ። ባለፉት ዓመታት ከመሀል ከተማ የተነሡ ብዙ ነዋሪዎች እንደ ገላን ጉራና ቦሌ አራብሳ ወዳሉ ሩቅ ሰፈሮች ሄደዋል። ከዚያ ፒያሳ ድረስ በየቀኑ በብስክሌት ተመላለሱ ማለት አይቻልም። ለእነሱ የሚሆነው ከቤት እስከ አውቶቡስ ወይም በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ እስከጀመረው ቀላል ባቡር ጣቢያ በብስክሌት መሄድ፣ ብስክሌቱን በጥበቃ ሥር አቁሞ መሳፈር ነው። ይህ እንዲሆን በየጣቢያው ጣሪያ ያለው ማቆሚያ ያስፈልጋል።

የሥራ ቦታው በር

ብስክሌተኛ ክረምቱን አሸንፎ ዳገቱን ወጥቶ ሲደርስ የሚገጥመው የመጨረሻ እንቅፋት የገዛ መሥሪያ ቤቱ በር ነው። በብዙ ቦታ የመኪና ማቆሚያ አለ፤ የብስክሌት የለም። ዘበኛው «ሳይክል አይገባም» ሲል የሚያስገባው መመሪያ ስለሌለው ነው። ውጭ ቢታሰር ይሰረቃል፤ ዝናብም ይመታዋል። የረጠበ ሰው ልብስ የሚቀይርበት ክፍል፣ የዝናብ ልብሱን የሚሰቅልበት ሚስማር፣ እጅና ፊት የሚታጠብበት ውሃ ያስፈልገዋል። ይህ ሁሉ ተደምሮ አንድ መኪና ከሚይዘው ቦታ ብዙ አይበልጥም።

ሴቶችን የሚመለከተው ነገር ለብቻው መታየት አለበት። በባሕር ዳርና በሐዋሳ ሴት ብስክሌተኛ ማየት የተለመደ ነው፤ በአዲስ አበባ ግን ለከፋና ግፊያው ከመንገዱ አደጋ ጋር ተዳምሮ ብዙዎችን ከመጀመሪያው ያስቀራቸዋል። ከመኪና በድንጋይ ጠርዝ የተለየ፣ መብራት ያለው መስመር ሲኖር ብቻ ነው ሴቶችና ልጆች የሚወጡት። በቀለም ብቻ የተሠመረ መስመር ለደፋር ወጣት ወንዶች የተሠራ ነው።

ለመሆኑ ይህን ሁሉ ድካም የሚያካክስ ጥቅም አለው? የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ260,000 በላይ የሆኑ ብሪታንያውያንን ለአምስት ዓመት ገደማ ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት፣ ሥራ በብስክሌት የሚመላለሱት ያለ ዕድሜ የመሞት ዕጣቸው በመኪናና በሕዝብ ትራንስፖርት ከሚመላለሱት በ41 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ጥናቱ የታዘበውን ነው የሚናገረው፤ ብስክሌት የሚነዱት ቀድሞውንም ጤነኞች የሆኑበት ሁኔታ ሊኖር ይችላል። ቢሆንም ልዩነቱ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የኪሱን ነገር ደግሞ ሁሉም ያውቀዋል። የነዳጅ ድጎማው መነሣት በጀመረበት በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ሊትር ቤንዚን 48 ብር አልሞላም ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ከ100 ብር አለፈ። የታክሲ ታሪፉም ተከትሎ ወጣ።

የተጀመረውና የቀረው

ባለፉት ዓመታት የተሠራውን አለመጥቀስ ተገቢ አይሆንም። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ዋና ዋና ጎዳናዎች በተመረጡ እሑዶች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ተለቀቁ። ቀጥሎም አዲስ አበባም ሆነች የትራንስፖርት ሚኒስቴር ሞተር አልባ ትራንስፖርትን የሚመለከት የዐሥር ዓመት ስትራቴጂ አወጡ። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ በአዲስ አበባ የተለየ የብስክሌት መስመር ዘርግቷል፤ ሥራው ወደ ሌሎች ከተሞችም ደርሷል። ከዐሥር ዓመት በፊት ከአራት ኪሎ እስከ ቦሌ በተለየ መስመር ትነዳላችሁ ቢባል ማን ያምን ነበር?

የቀረው ግን መስመሩን ክረምት ከበጋ የሚነዳ ማድረጉ ነው። የቆመ መኪና የዘጋው፣ ሞተር ብስክሌት የሚያቋርጠው፣ አደባባይ ሲደርስ የሚጠፋ መስመር ሠራተኛን አያደርስም፤ ለእሑድ ሽርሽር ብቻ ይሆናል። መስመሮቹ እርስ በርስ መገናኘት አለባቸው፤ ውሃ የሚወርድበት ፍርግርግ ጎማ የማይዝ መሆን አለበት፤ የሚጠርጋቸውም አካል በስም ይታወቅ። ዋጋውም ይታሰብበት፤ ብስክሌትና መለዋወጫው ከውጭ የሚመጡ ስለሆኑ ለዝቅተኛ ደመወዝተኛ ውድ ናቸው፤ የፓራፋንጎና የመብራት ዋጋ ሲጨመር ደግሞ ይብሳል።

ብስክሌት ለመጀመር ያሰባችሁ አንባቢያን መስከረምን ጠብቁና በደረቁ ተለማመዱ፤ መንገዳችሁን፣ ኩሬ የሚተኛበትን ቦታ፣ ክዳን የሌለውን ማንሆል በበጋው አጥኑት፤ ሐምሌ ሲመጣ ታውቁታላችሁ። አሠሪዎች አንድ የመኪና ቦታ ለብስክሌት ለውጡ፤ ለዘበኞቻችሁም «ይግባ» የሚል መመሪያ ስጡ። የብስክሌት መስመር የምትረከቡ የከተማ ኃላፊዎች ደግሞ ርክክቡን በነሐሴ፣ ዝናብ ባባራ በሩብ ሰዓት ውስጥ፣ ራሳችሁ ነድታችሁ አድርጉት፤ ውሃ የተኛበትን ሜትር ሁሉ ተቋራጩ አስተካክሎ እስኪመልስ አትፈርሙለት።